የሰረዝኳት እህት

ሰኞ፣ ሰኔ 3

አርታዒው ጠዋት ቢሮ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ሙሉውን እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካላገኘሁ ዘንድሮ አይደርስም። ለከርሞ ደግሞ ቃል መግባት አልችልም" አለኝ። ትሑት ሰው ነው፤ ክፉ ወሬ ሲያወራ እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ግን ገባኝ። ለከርሞ ቃል አልገባም ማለት በቃህ ማለት ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፌ ከወጣ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነው። ሁለተኛው ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ካለፈ ሦስት ዓመት። አሁን ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ይሄኛው ካልወጣ ሌላ አልጽፍም። ለማንም አልተናገርኩትም፤ የምነግረው ሰውም የለም፤ እዚህ ልጻፈው።

ደብተሩን የጀመርኩት ለዚሁ ነው። የማጉረመርምበት ቦታ ከሌለኝ ማጉረምረሙ ልብ ወለዱ ውስጥ ይገባል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ስለ መጽሐፉ። አንድ ሰው የምትሞት እናቱን ያስታምማል። ሃምሳ ሁለት ቀን። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ሁለት ሰው። ሌላ ምንም የለበትም።

መጀመሪያ ስጽፈው እህትም ነበረችበት። በየምዕራፉ ትገባለች፣ ትራስ ታስተካክላለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ ትወጣለች። ታዲያ ሁለት ሰው አንድ ሥራ ከሠራ አንደኛው ትርፍ ነው። ይሄ የሙያው ሕግ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም። አንድ እሑድ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ቁጭ አልኩና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ሰረዝኳት። የሠራችውን ሁሉ ለልጁ ሰጠሁት። ጽሑፉ ወዲያው ቀለለው።

ሰዎች የራስህ ታሪክ ነው ወይ ይሉኛል። አይደለም። ልብ ወለድ ነው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

እታለም ጋ ሄጄ መጣሁ። ታላቅ እህቴ ናት። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት የችሎት ታይፒስት ሆና ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። የምትኖረው እማዬ ቤት ነው። እኔ በእጄ እጽፋለሁ፣ በየቅዳሜው የሳምንቱን ገጾች አመጣላታለሁ፣ እሷ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ትተይባለች። ቁልፎቹን እንደ ጥንቱ የጽሕፈት መኪና ትደበድባቸዋለች። ሁለት ጊዜ አስጠግኛለሁ።

ስትተይብ አትናገርም። ዛሬ ግን ቆም አለችና ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

"ውሃ በብርጭቆ ሰጣት ትላለህ።"

"እና?"

"በማንኪያ ነበር።"

"እታለም፣ ልብ ወለድ እኮ ነው።"

"እሺ። ግን በብርጭቆ ደረቷ ላይ ይፈስባታል።"

ማንኪያ አደረግሁት። ልክ ነበረች። አንባቢ ትልቁን ነገር በነጻ አያምንም፤ ሞትን የሚያምነው በማንኪያዋ በኩል ነው። ይሄንን ለማወቅ እኔ ስንት መጽሐፍ አገላበጥኩ፣ እሷ ቁጭ ብላ ታውቀዋለች።

የተተየበውን መልሼ አላነበውም። በእጄ ጽሑፍ ሳየው ገና የሚስተካከል ነገር ነው፤ በታይፕ ሳየው ግን የሌላ ሰው ጥፋት ይመስለኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ፍላሹን ትሰጠኛለች፣ እኔ ሳልከፍተው ለአርታዒው እልካለሁ። የእታለም እጅ ፊደል አይስትም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ቢሮ። አሥራ ሰባት ደብዳቤ። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሲል ሰው እንዳይቆጣ አድርጌ የምጽፈው እኔ ነኝ። "ጥያቄዎን በጥሞና መርምረናል።" ማንም አልመረመረም።

ጽሑፍ የለም ዛሬ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15

የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ምዕራፎች ላክሁ። ከዚያ ወጥቼ ዝም ብዬ በእግሬ ሄድኩ፤ ስንት ሰዓት እንደሄድኩ አላውቅም። ስመለስ የክፍሌ መብራት እንደበራ ነበር። ሰው የሚጠብቀኝ መስሎኝ ደንገጥ አልኩ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 20

ዝናብ። ንግግር መጻፍ አቃተኝ። እናትና ልጅ ሲጠያየቁና ሲመላለሱ የምርመራ ክፍል ይመስላሉ። በምሳ ሰዓት ጆሮዬን ጣል አድርጌ የቢሮ ሰዎችን ስሰማ ነበር። ከጎኔ የሚቀመጠውን ብርዱ እንለዋለን፤ በበጋም መስኮት ይዘጋል። ጸሐፊዋ ልጇ እንደታመመ ነገረችው፤ እሱ "በዚያ በኩል ንፋስ ይገባል" አላት። እሷም "አዎ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል አደረ" አለችው። ሁለቱም ተግባቡ። ሰው የተጠየቀውን አይመልስም፤ የያዘውን ያወራል። ይሄንን ያልተማረ ደራሲ ምንም አልተማረም።

ማታ ሦስት መስመር። ሰረዝኳቸው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 27

አርታዒው ደወለ።

"ጋሼ፣ እህትየው!" አለኝ፣ ሰላምታም ሳይሰጠኝ።

"የቷ እህት?"

ሳቀ። የቀለድኩ መሰለው። "በቅንፍ ውስጥ ያለችዋ ነቻ! ልጁ 'ትራሷን አስተካከልኩላት' ይላል፤ ወዲያው በቅንፍ 'እህቱ ትራሷን አስተካከለችላት' ይመጣል። እየዋሸ እንደሆነ እኛ እናውቃለን፤ እሱ ግን ራሱን ያመነ ነው የሚመስለው። አንጀቴን በላችው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም። እንዴት አሰቡት?"

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"ጊዜ ወሰደብኝ" አልኩት።

እግዜር ይቅር ይበለኝ። "ጊዜ ወሰደብኝ!"

ያው ቀን፣ ከሥራ በኋላ

ፋይሉን ከፈትኩት። በቀይ የሰረዝኩት ሁሉ አለ። አንድም አልቀረም፣ ሁሉም በቅንፍ ገብቷል። እህትየው እንዳለች ናት፤ እኔ የገደልኳት መስሎኝ ነበር።

የማላስታውሳቸውም አሉ። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ፦ (እህቱ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነበር። እንደገና ደወለች።) ይሄንን መቼ ጻፍኩት? ተሳስታ ከሌላ ቦታ አምጥታው ይሆናል ብዬ የእጅ ጽሑፉን አወጣሁ። አለ። የእኔው ፊደል ነው። ቀዩ መስመር ሌላ ቦታ ካለው ይልቅ ወፍሯል፤ ሦስት ጊዜ ሄጄበታለሁ።

የሚያናድደው አርታዒው ልክ መሆኑ ነው። ቅንፍ የሌለባቸውን ገጾች አነበብኳቸው። የሞቱ ናቸው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 29

ቆጣ ብዬ ነበር የገባሁት።

"ሆን ብለሽ ነው?"

"ምኑን?"

"የሰረዝኩትን መተየብሽን።"

ገረማት። ወይም የገረማት መሰለች፤ ሃምሳ ዓመት አውቄያት ፊቷን ማንበብ አልቻልኩም። "በኛ ችሎት የተሰረዘ ቃል አይጣልም" አለች። "ዳኛው ይሰረዝ ካሉ በቅንፍ ይገባል። አንዴ የተባለ ተብሏል። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት እንደዚያ ነው።"

"ይሄ ፍርድ ቤት አይደለም፣ እታለም።"

"አውቃለሁ። ፍርድ ቤት ቢሆንማ እኔንም ምስክር ብለው ይጠሩኝ ነበር።"

ሻይ ቀዳችልኝ። ከዚያ እጇን ቁልፉ ላይ አድርጋ፣ "ላውጣው ታዲያ?" አለችኝ።

"ተዪው" አልኩ። ፈጠን ብዬ ነው ያልኩት። አርታዒው ስለ እህትየው ያለውን አልነገርኳትም። ልነግራት አስቤ ነበር፣ ዝናቡ አባራና ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 3

ለምን እንዳልነገርኳት ሳስብ ዋልኩ። ብነግራት የእሷ ይሆናል። ለአሥራ ሦስት ዓመት አንድ ሰው እንኳ "እንዴት አሰቡት" አላለኝም።

እዚህ ላይ ግልጽ ላድርገው፤ ያኔ፣ እማዬ በታመመች ጊዜ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁለተኛውን መጽሐፍ ለመጨረስ ሌላ ከተማ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ሐኪሙ ገና ነው ብሏል። ሥራ ላይ ስልክ መዝጋት የሙያው ግዴታ ነው። ሁሉም ያደርገዋል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

ሁለት ገጽ። ቅንፎቹን አሁን እያወቅሁ ነው የምጽፋቸው። እያወቅሁ ስጽፋቸው ይተኛሉ። የሚያምር ቅንፍ ከባድ ነገር ነው።

እራት አልበላሁም። ረሳሁት።

እሑድ፣ ሐምሌ 14

አርታዒው ቀሪዎቹን ምዕራፎች አንብቦ ደወለ። "የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው የቀረን። ልጁ እናቴ እንዲህ ብላ ሞተች ይለናል። ከዚያ ቅንፉ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ምን አለ? እኔ እሱን ነው የምጠብቀው፣ ጋሼ።"

እኔም እሱን ነው የምጠብቀው።

ቀኑን ሙሉ ነጩ ወረቀት ፊት ተቀመጥኩ። የሞት ገጽ ለመጻፍ ብልሃት አያጥርም፤ ስለ መስኮቱ ጽፎ ማለፍ ይቻላል፣ ስለ ሰዓቱ ጽፎ ማለፍ ይቻላል። ያን አድርጌ አውቃለሁ። እዚህ ግን አይሠራም። መጽሐፉን ሙሉ አንባቢውን "ያልተባለውን እነግርሃለሁ" ብዬ ይዤዋለሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ መስኮት ባሳየው መጽሐፉን ይወረውረዋል፣ ደግ ያደርጋል።

የሆነውን አላውቅም። የምታውቀው አንድ ሰው ናት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 20

ጠየቅኋት። መንገዱን ሙሉ እንዴት እንደምጀምር ሳጠና ሄጄ ደረቁን አፈረጥኩት። "እማዬ መጨረሻ ላይ ምን አለች?"

"ሻይህ ቀዘቀዘ" አለች።

"እታለም።"

"ጠዋት ነበር።" ይሄው ነው ያለችው። ተነስታ ማሰሮውን ከእሳቱ አወረደች፤ መልሳ ጣደችው። የእማዬ መኝታ ክፍል በር ዝግ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሲከፈት አላየሁም።

አርታዒው ካነበባቸው ምዕራፎች ያሻሻልኳቸውን ገጾች ለመተየብ ተቀመጠች። ከጥቂት ገጽ በኋላ እንደገና ቆመች።

"ይሄ ልጅ ሃምሳ ሁለት ቀን ሙሉ አይተኛም?"

"ዓይኑን አይከድንም። ፍቅሩን የማሳየው በዚያ ነው።"

"የሚተኛ ሰው አይወድም ማለት ነው?"

"በልብ ወለድ፣ አዎ" አልኳት። በራሴ መልስ ደስ አለኝ። እሷ ወደ ቁልፎቹ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ቦታ ፊደል ሳተች። እታለም ፊደል ስትስት አይቼ አላውቅም። ዓይኗን ልታሳይ ይገባል፤ ሐኪም ልወስዳት ይገባል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 24

ብርዱ ኮሪደር ላይ ለአዲሷ ሠራተኛ ሲያስተዋውቀኝ ሰማሁ፤ እኔ በሩ ጀርባ ነበርኩ። "ደራሲ ነው እሱ። መጽሐፍ ጽፏል። ያነበበ ሰው ግን አላጋጠመኝም።" ክፋት የለበትም፤ ብርዱ ክፋት አያውቅም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ሽንት ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ቆየሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 29

አራት ጊዜ ጀመርኩ። አራት ጊዜ ቀደድኩ።

እታለም ለምን እንደማትነግረኝ አሁን ገብቶኛል። እየቀጣችኝ ነው። ያልነበረ ሰው አይሰማም ነው ነገሩ። መብቷ ነው፤ ግን በእኔ ዕድሜና በእኔ መጽሐፍ ላይ?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 2

መጣልኝ! ቢሮ ውስጥ፣ በደብዳቤ መሐል። እናትየው ዓይኗን ገልጣ "መብራቱን ተወው፤ መንገዱ ይታየኛል" ትላለች። ቆንጆ ነው። ከዚያ ቅንፉ። ቅንፉን ለእታለም ብዬ ጻፍኩት፤ ስጦታ ነው፦ (ያንን ቃል የሰማችው እህቱ ነበረች። እጇን ይዛት ነበር። ሃምሳ ሁለት ቀን አንዲት ደቂቃ አልተለየቻትም፤ ዓይኗን አልከደነችም።)

ከዚህ በላይ ምን ላድርግላት? ሙሉ መጽሐፉን አስረከብኳት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4

አልተየበችውም።

ገጹን አነበበች። አነበበችው፣ እንደገና ወደ ላይ ተመልሳ አነበበችው። ከዚያ አጠፈችና በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ።

"ይሄን አልተይብም።"

"ምኑ ነው ያስከፋሽ? አንቺን እኮ ነው የጻፍኩት!"

"አንተ ያላየኸውን ትጽፋለህ፤ ሥራህ ነው፣ አልቀየምህም። ሁሉንም ተይቤልሃለሁ። እኔን ግን አታስምለኝ።"

"ታዲያ ንገሪኛ! የሆነውን ንገሪኝና እጽፈዋለሁ!"

"የለም።"

ያኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ የተናገርኩትን ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ነገ ለስለስ አድርጌ ነው የማስታውሰው። "አንቺ እንኳ ነበርሽ!" አልኳት። "እኔ አልነበርኩም፤ እሺ፤ ዕድሜ ልኬን አልነበርኩም። አጠገቧ የነበረ ሰው እንዴት አንድ ቃል ይነፍጋል?"

መነጽሯን አወለቀች። ፊቷ አመድ መሰለ። "ሂድ ወደ ቤትህ" አለች፤ ጮክ እንኳ አላለችም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 8

የመጨረሻውን ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ ቤት ይዤ ሄድኩ። ታይፒስቷ ማስቲካ እያኘከች፣ ስልክ በትከሻዋ ይዛ ነው የምትተይበው። "መንገዱ ይታየኛል" የሚለው ጋ ስትደርስ ስልኩን ሳትዘጋ "ውይ፣ ያሳዝናል" አለች፤ ከዚያ ስለ ጫማ ማውራቷን ቀጠለች።

ወረቀቱን ቆሜ እዚያው አነበብኩት። እናቴ በሕይወቷ እንዲህ ተናግራ አታውቅም። እማዬ "መብራቱን አጥፉት፣ ይቆጥራል" የምትል ሴት ነበረች። የሠራሁላት ቃል ከቢሮዬ ደብዳቤዎች አንዱ ነው፤ ማንም እንዳይቆጣ ተብሎ የተጻፈ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11

የምሄድበት የለኝም።

አሥር ሰዓት ላይ ልማድ ሆኖብኝ ጫማዬን አሰርኩ። አስሬ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። አከራዬ በመስኮት አየችኝና "ሊወጡ ነው?" አለችኝ። "ገብቼ ነው" አልኳት። በሳምንት ውስጥ ከሥራ ውጭ ያወራሁት ይሄንን ብቻ ነው።

የጻፍኩት ለሰው መስሎኝ ነበር። ቆጥሬ ሳየው የሚያነበኝ አንድ ሰው ነው፤ እሷም ስትተይብ። ሆድ ባሰኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 14

ታምሜያለሁ ብዬ ቀረሁ። የድሮ ደብተሮቼን አወጣሁ። ያን ክፍል ተከራይቼ በነበረበት ጊዜም ማስታወሻ እይዝ ነበር። እማዬ የሞተችበትን ቀን ፈለግሁ። አራት ዓመት ሙሉ ፈልጌው አላውቅም፤ ደብተሩ ከአልጋዬ ሥር ነበር።

አንድ መስመር ናት። "ዛሬ አራት ገጽ። ጥሩ ቀን።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጭ ብዬ በአንድ ጊዜ ጻፍኩት፤ ለልብ ወለዱ ይሁን ለዚህ ደብተር ሳልለይ። ልጁ አልነበረም። እናቱ ስትታመም የመጀመሪያውን ሳምንት መጣ፣ ትራሷን አንድ ጊዜ አስተካከለ፣ ሽታው ከበደውና "ሥራ አለብኝ" ብሎ ሄደ። በሰባተኛው ሳምንት ስልኩን ጨርሶ ዘጋ። የዘጋው ለሥራው አልነበረም፤ ሥራውማ በአንድ ሰዓት ያልቅ ነበር። የዘጋው እህቱ "ና" እንዳትለው ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ሲከፍተው ሃያ ሦስት ጥሪ አገኘ። ሲደርስ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። እህቱ በሩን ከፍታለት "ምሳ በልተሃል?" አለችው። ሌላ ምንም አልጠየቀችውም፣ እሱም ስላልጠየቀችው እንደታለፈ ቆጠረው።

ስድስት ገጽ። አንድም ቅንፍ የለበትም። ቀይ እስክሪብቶዬን አላነሳሁም።

ጥሩ ቀን አልልም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 18

ገጾቹን በበሩ ሥር አስገባሁላትና ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ከላይ "አይተየብም፤ ላንቺ ነው" ብዬ ጽፌበታለሁ። ፈሪ ነኝ፤ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ እንደ ሕፃን ሮጥኩ።

እሑድ፣ ነሐሴ 19

ጠዋት ደወለች። "ና" ብቻ።

የእማዬ ክፍል ክፍት ነበር። አልጋው አለ፣ ፍራሹ ተራቁቷል። እታለም ወንበር ስባ ተቀምጣለች፤ ሌላ ወንበር ስለሌለ እኔ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ገጾቹን ጉልበቷ ላይ ይዛለች።

"መንፈግ አይደለም" አለችኝ።

"አውቃለሁ፣ እታለም፣ ይቅር..."

"አታውቅም። ዝም በል።" ገጾቹን አጠፈቻቸው። "ሃምሳ አንድ ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ማለት ይቻላል። ደግሞ ለአንተ ስደውል እውላለሁ። በመጨረሻዋ ሌሊት አተነፋፈሷ ደህና መሰለኝ። ሊነጋጋ ሲል፣ እንዲህ ወንበሩ ላይ እንዳለሁ፣ ለአፍታ ብዬ ራሴን እዚህ ፍራሹ ጫፍ ላይ ጣል አደረግሁ።" ቦታውን በመዳፏ አሳየችኝ። "ስነቃ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቷል። እማዬ ቀዝቅዛለች።"

"እታለም..."

"ምን እንዳለች ትጠይቀኛለህ። አልሰማሁማ! ጠርታኝም ይሆናል። ውሃ ብላኝም ይሆናል። ለመጣው ሰው ሁሉ 'በሰላም ሄደች፣ እጇን ይዣት ነበር' አልኩ። ለአንተም እንደዚያ አልኩህ። ከዚያ አንተ መጽሐፍ ይዘህ መጣህ፤ ልጁ አልተኛም፣ ልጁ ዓይኑን አልከደነም... በየገጹ ስተይበው ሳይታወቅህ የምትፈርድብኝ ይመስለኝ ነበር።"

ሰበብ ማደራጀት ሙያዬ ነው፤ እዚያ ግን አላደራጀሁም። እግሯን ያዝኩት። ካልሲ አድርጋ ነበር፤ አንደኛው ተረከዙ ጋ ተቀዷል። አለቀሰች፤ አራት ዓመት ሙሉ ስታለቅስ ያላየኋት እኔ ስላልነበርኩ ነው እንጂ ስላላለቀሰች አልነበረም።

አርታዒው ሁለት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 22

ልጽፈው እችላለሁ ወይ? የእሷ ነው። አንድ ጊዜ ሰርዣታለሁ፤ አሁን ደግሞ የደበቀችውን አውጥቼ በአደባባይ ልሸጠው ነው? በሌላ በኩል፣ ይሄ ካልተጻፈ መጽሐፉ ውሸት ነው፤ ውሸት ከሚሆን ባይወጣ ይሻላል። ይሄን ስል ከልቤ ነው። በሰኔ ቢሆን አልለውም ነበር።

ለአርታዒው "ከእህቴ ጋር ሳልነጋገር አልሰጥህም፤ እህትየዋንም ያሰብኳት እኔ አይደለሁም፣ ቅንፎቹ የእሷ ናቸው" አልኩት። "እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ" አለ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 23

በስልክ ጠየቅኋት። ቅንፎቹን አርታዒው እንዴት እንዳደነቃቸውና እንዴት ዝም ብዬ እንደተቀበልኩለትም ነገርኳት። "አንተ ሌባ" አለችኝ፤ ስትስቅ ሰማኋት መሰለኝ። ስለ መጨረሻው ምዕራፍ ግን ወዲያው አልመለሰችም። የውሃ ድምፅ ይሰማኛል፤ ዕቃ እያጠበች ነበር።

"ጻፈው" አለች በመጨረሻ። "ግን እማዬን ብቻዋን አታድርጋት።"

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 25

ጽፌ አልሄድኩም። ብጽፈው ኖሮ ያው እንደ ልማዴ ወረቀቱን ገፍቼላት እቀመጥ ነበር። ላፕቶፑን እማዬ ክፍል አስገባን። እኔ እንድናገር፣ እሷ እንድትተይብ ተስማማን፤ እንደ ችሎት።

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጀመርኩ። ልጁ ሩቅ ነው፣ ስልኩን ዘግቷል፣ አራት ገጽ ጽፎ ደስ ብሎታል። ይሄን ስል አላየችኝም፣ ተየበችው። ከዚያ ወደዚህ ክፍል መጣሁ። ሊነጋጋ ነው። ልጅቷ ራሷን ፍራሹ ጫፍ ላይ ጣል አድርጋ እንቅልፍ ወስዷታል።

የእታለም ጣቶች ቆሙ።

"በቅንፍ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም። ቅንፍ የለውም።"

ቁልፉን መደብደብ ቀጠለች። እኔም ቀጠልኩ። እናትየው ነቃች። የምትናገረው ነገር አልነበራትም። ውሃ አልጠማትም። ጎኗ ላይ ያለውን ራስ አየችው፤ ሽበት ገብቶበታል፣ መቼ እንደገባበት አላስታወሰችም። እጇን ለማንሳት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ፀጉሩ ላይ አሳረፈችው።

ይሄ ሆኗል ብዬ አልምልም። አልነበርኩም፤ የነበረችውም አላየችም። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ግን ያላፈርኩበት ውሸት ይሄ ብቻ ነው።

እታለም እጇን ከቁልፉ አነሳች። ወደ እኔ አልዞረችም፤ ዓይኗ ፍራሹ ላይ ነው።

"ነቃች?" አለችኝ።

"ማን? እናትየው?"

"ልጅቷ።"

"ገና አልደረስኩበትም።"

"አታስነሳት" አለች። "ደክሟታል።"

አላስነሳኋትም።